ኖራ የተቀባው ጎተራ

በአንድ ወቅት ጠረር በምትባል የደጋ መንደር ጭቃ ሹም እንግዳሸት የሚባሉ ሰው ነበሩ። የመንደሩ ዘር ገብስ የሚቀመጥበት የትልቁ ጎተራ ቁልፍ ሁልጊዜ ከአንገታቸው አይወርድም። በጥር ታላቋን ልጃቸውን ሲድሩ ግን «ሰው ምን ይለኛል!» ብለው ያንን ዘር ጠላ አስጠመቁት። መንደሩ ሁሉ ተጠርቶ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ መረቀ። ገብሱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ ዋንጫ የያዘ ሰው መቼ ይጠይቃል!

ሚያዝያ ሲገባ የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ይመር በታችኛው መንገድ እንደሚያልፉ ተሰማ። ጎተራው ባዶ ነው፤ ዘር ካልተዘራ ደግሞ መንደሩ ማለቁ ነው። ጭቃ ሹሙ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው «ልጆቼ፣ ጉዴ ፈላ! ነውሬን ሸፍኑልኝ» አሉ።

ታላቁ ሽበሺ እጁ ሥራ አያጣም። ኖራ በጥብጦ ጎተራውን ከግርጌው እስከ ክዳኑ ለቀለቀው። «ውጪው ካማረ ውስጡን ማን ያያል?» አለ። ጎተራው አበራ፤ አባትም ደስ አላቸው። ግን እናንተዬ፣ ፊታውራሪ መንገዳቸውን ይዘው ሲያልፉ ያን ነጭ ነገር ሽቅብ አይተው «ያ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉና በቅሏቸውን ወደ መንደሩ አዞሩ።

ደርሰውም «ያማረ ጎተራ ነው! በል ክፈተው» ሲሉ ጭቃ ሹሙን ላብ አጠመቃቸው። ይሄኔ መካከለኛው በላቸው፣ በሙግት የሚያህለው የሌለው፣ አደግድጎ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ቢከፈትም ባዶ ነው። አባቴ ገብሱን ለሕዝቡ አካፍለው ጨረሱት። ራሱን ሕዝቡን ይጠይቁት» አለ።

ፊታውራሪ ዞረው «እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው ጌታዬ፣ ሆዳችን ገብቷል» አለ ሕዝቡ፣ አንድም ሰው ሳይዋሽ። አንድ ሽማግሌም «ጥሙም ብርቱ ነበር» ብለው ጨመሩበት።

ፊታውራሪ ድርቅ መስሏቸው እንባቸው መጣ። «ሕዝቡን ያበላ ሹም! የምትዘሩትን ገብስ ከራሴ ጎተራ እሰጣለሁ። በእጅህ አስረክብሃለሁ» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ትንሹ ታፈረ ቃል አያበዛም። የአባቱንም ጠባይ፣ ታናሽ እህታቸው በግንቦት እንደምትዳርም ያውቃል። እልልታው ሳይበርድ «ጌታዬ፣ ለአባቴ እንዳይሰጡ» አለ። «የበፊቱ ገብስ በእህቴ ሠርግ ጠላ ሆኖ ተጠጥቷል። ሌላ ሠርግም አለብን።»

ጭቃ ሹሙ «ምነው ልጄ! በቁሜ ቀበርኸኝ!» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሕዝቡ አቀርቅሮ እግሩን ያያል። ታፈረ አለቀሰ፤ አባቱን ይወዳቸው ነበርና።

ፊታውራሪ በቁጣ ጦፉ። ጎተራውን ተደግፈው ስለነበር ጥቁር ካባቸው ከኋላ ነጭ ሆኗል፤ እሱን ሲያዩ ይባስ ተናደዱ። ግን ቃላቸው ወጥቷል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! ዘሩን እሰጣለሁ» አሉ። «ቁልፉ ግን ከአንተ አንገት ይውረድ። ከልጆችህ ለሚገባው ይሰጥ፤ ለማን እንደሚገባ መንደሩ ይምከርበት።» ካባቸውን እያራገፉ ሄዱ።

መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

«እኔ ኖራውን ባልቀባ ፊታውራሪ ዞር ብለውም አያዩንም ነበር» አለ ሽበሺ።

«ቢመጡስ? እኔ ባልናገር ጅራፍ እንጂ ገብስ አናገኝም ነበር» አለ በላቸው።

«እኔ ዝም ብል ግንቦት ላይ ይኼኛውንም ትጠጡት ነበር» አለ ታፈረ።

አባትየው እንዲፈርዱ ቢጠየቁ «የሸፈኑኝም ልጆቼ፣ የገለጠኝም ልጄ፤ እኔን ተዉኝ» አሉ። ሽማግሎቹ ሊፈርዱ ተነሡ፤ ግን አንዱ አፉን በከፈተ ቁጥር ሌላው «አንተ ስንት ዋንጫ ነበር የጠጣኸው?» ይለዋል። እሱም ይቀመጣል። ደመናው ዝናብ እያዘለ ነው፤ ገብሱ መጥቷል፤ የሚረከበው ሰው ግን ገና አልተለየም።

እንግዲህ ከዚያ ጠላ ያልቀመሳችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ። እስቲ ፍረዱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለየትኛው ነው?