በጤነኛው ጎን መያዝ

አንድ የድሮ መኪና የነበራቸው ሰው ነበሩ፤ አቶ ቢተው ይባላሉ። መኪናዋን የወረሷት ከአባታቸው ነው። እሳቸውም የተሞሸሩት በእሷ ስለነበር፣ «ልጄንም የምድራት በእሷው ነው» ብለው ለአገሩ ሁሉ ተናግረዋል። ሠርጉ ሲቃረብ ግን በበሮቿ ስር ያለው፣ መላ አካሏን የሚሸከመው ብረት በዝገት ተበልቶ አለቀ። ቁራሌዎችም ደጃፋቸውን ያዘወትሩ ጀመር።

ደርብ የሚባል በያጅ «ለኔ ተዉት» ብሎ ተነሣ። ቀለሙ የሚያብረቀርቅበትን፣ ለዓይን ያማረውን ቦታ መርጦ ከስሩ ክሪክ አስገባና ማንሣት ጀመረ። ለካ ያ ሁሉ ውበት ዝገቱ ላይ የተለሰነ ስቱኮ ኖሯል። ክሪኩ ወጣ፤ መኪናዋ ግን አልወጣችም። ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈርፍሮ ክሪኩን ዋጠው፤ አካሏም ጎበጠና በሩ አልዘጋ አለ። የሰፈሩ ሰው «ቅንድብ አስተካክላለሁ ብሎ ዓይን ያጠፋ» እያለ ሳቀበት። አቶ ቢተውም ተቆጥተው አባረሩት። ወሬ ደግሞ ለመነሣት ክሪክ አያሻውም፤ ደርብን በሥራ የሚጠራው ሰው ጠፋ።

ከዚያ ጋሽ ዘርጋው የተባሉ አንጋፋ መካኒክ ተጠሩ። መዶሻቸውን ይዘው ከመኪናዋ ስር ተንጋለሉና ብረቱን ቀስ ብለው እያንኳኩ ያዳምጡ ጀመር።

«ዝገቱ እኮ ከሩቅ ይታያል፤ ምን ማንኳኳት ያስፈልገዋል?» አሉ አቶ ቢተው ትዕግሥታቸው አልቆ።

«ዝገቱንማ ማንም ያየዋል። እኔ የምፈልገው ጤነኛውን ነው፤ ቆርጬ እስክጨርስ የምትቆመው በእሱ ነዋ» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ጥርት ያለ ድምፅ በሰጠው ብረት ስር ሁሉ መቆሚያ እያስገቡ አካሏን ከመሬት አነሡ። የጎበጠውን አቃንተውም በውስጥ በኩል በብረት ዘንግ ወጠሯት። ከዚያ ደርብን አስጠሩት።

ደርብ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ጋሼ፣ ያበላሸኋት እኮ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ክሪክ አገባብህ አይረባም፤ እሱን አስተምርሃለሁ። በብየዳ ግን እዚህ ከተማ የሚያህልህ የለም። ታዲያ መኪናዋን በጤነኛ ጎኗ ይዤ፣ አንተን በዝገትህ ልይዝህ?»

ደርብ የብየዳ መነጽሩን አጠለቀ። ዝገቱ ተቆርጦ ሲወጣ የከበበው ሰው ሁሉ «አሁን ወደቀች» እያለ ትንፋሹን ዋጠ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አዲሱ ብረት ገብቶ ተበየደ፤ መቆሚያዎቹም ወጥተው በጎማዋ ቆመች። አቶ ቢተው በሩን በጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት እሺ ብሎ ተዘጋ። በደስታ አለቀሱ።

በሠርጉ ዕለት ሙሽራይቱ በእልልታ ስትገባ መሪውን የያዘው ደርብ ነበር። ቁልፉን የሰጡት አቶ ቢተው ራሳቸው ናቸው። ትናንት የሳቀበት ሰፈር ያን ቀን መንገዱን ሞልቶ አጨበጨበለት።

እኛ ሰው እናርም ብለን ስንነሣ የምንጀምረው ከዝገቱ ነው። ጥፋቱን በአደባባይ እንዘረዝርና፣ ያቃናነው እየመሰለን እንሰብረዋለን። ጥፋት አይነካ ማለቴ አይደለም፤ ያልተቆረጠ ዝገት ጤነኛውንም ይበላል። ነገር ግን መልካም ጎኑ ያልተያዘለት ሰው ጥፋቱን ሲቆርጡለት አብሮ ይወድቃል።

ሊያርሙት ያሰቡት ሰው ጤነኛ ጎኑ የቱ ነው? ካላወቁት ገና አይቁረጡ።