ጽዋው ጎድሏል

ምእመናን ሆይ፥ አምላክን በድንግልና የወለደች እመቤታችን ማርያም በእንዶድ በር አጥቢያ ለአንዲት አገልጋይዋ ያደረገችውን ተአምር እነግራችኋለሁና ልባችሁን ወደዚህ መልሱ፤ ከዓምዱ ሥር የምትንሾካሾኩትም ወሬያችሁን ለደጅ አቆዩት፥ ነገሩ እናንተንም ይመለከታልና። ምልጃዋ ከሰሚውም ከነጋሪውም አይራቅ፥ አሜን።

በእንዶድ በር ማርያም አጥቢያ ትርንጎ የምትባል፥ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን የሆነ ሴት ነበረች። እመቤታችንን ከልጅነቷ ጀምሮ እጅግ ትወድ ነበርና በየማለዳው ፊቷን ታጥባ፥ ነጠላዋን አመሳቅላ፥ ከሥዕሏ ፊት ቆማ ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል ውኃ በአፏ አይዞርም ነበር፤ በየወሩም በሃያ አንድ ቀን ከእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ቀርታ አታውቅም። ከውዳሴዋም በኋላ አንዲት ልመና ትጨምር ነበር፤ «እመቤቴ ሆይ፥ የተበተነውን ሕዝብሽን ሰብስቢ» ትልና፥ «ጓንጉልን ግን እንደ ፈቀድሽ አድርጊው» ትል ነበር። ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ እሷም እመቤታችንም ያውቁታል።

ይህ ጓንጉል ማን ነው ትሉ እንደ ሆነ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። የአጥቢያው ሰው ሁሉ፥ ላይ ቤትም ታች ቤትም፥ በአንድ ማኅበር ይጠጣ ነበር። ጽዋውም አንድ ነበርና በየወሩ በሃያ አንድ ከተረኛው ቤት ይጠጣል፤ ከዚያም የሚቀጥለው ተረኛ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፥ በዝማሬ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ከሦስት ዓመት በፊት በወርኃ ታኅሣሥ ተራው የላይ ቤቷ የትርንጎ ነበርና ሳምንት ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ ጠላ ስትጠምቅ፥ ዳቦ ስትደፋ ሰነበተች። ማኅበርተኛውም ተሰብስቦ በተቀመጠ ጊዜ የነፍስ አባታቸው መምሬ አምሳሉ ጸሎት ሊያደርሱ ተነሡና፥ ወዲያ ወዲህ አዩና፥ «ዛሬ ጎድሏል» አሉ።

በዚያችው ቅጽበት ትርንጎ ጽዋውን ከፊታቸው አስቀምጣ ቀና ማለቷ ነበርና ፊቷ ደም መሰለ። የታች ቤቶች ሽማግሌ የነበረው ጓንጉልም ቀልድ የሚወድ ሰው ነበርና አንገቱን አስግጎ ጽዋውን እያየ፥ «እውነታቸውን ነው፥ ጎድሏል! ለከርሞ ቆጥባልን ይሆናል» ብሎ ሳቀ። ሳምንት ሙሉ ከጋን ጋር ስትታገል በከረመች ሴት ፊት እንዲህ ይባላል? እስቲ ፍረዱ! እሷም ደሟ ፈላና፥ «ከቤቴ ውጣልኝ!» አለችው፤ እሱም ዱላውን አንሥቶ ወጣ፥ ታች ቤቶችም ተከትለውት ወጡ፥ ላይ ቤቶችም ከደጅ ቆመው ይሰድቧቸው ጀመር። መምሬ አምሳሉ፥ «ኧረ ስሙኝ፥ እኔ ያልሁት...» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሦስት ጊዜ ጀመሩ፥ ሦስት ጊዜም ጩኸቱ ዋጣቸውና፥ በመጨረሻ እሳቸውም ምርር ብሏቸው፥ «እንግዲህ ጠይቆ የሚሰማኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ስለዚህ ነገር ቃል አይወጣኝም» ብለው ወደ ጎጇቸው ገቡ። ጽዋውን ተረክቦ የሚሄድ ተረኛም በዚያ ግርግር ሳይገኝ ቀረና ጽዋው ከትርንጎ ቤት ተቀመጠ፤ እሷም በየሃያ አንዱ ለላይ ቤቶች ትቀዳበት ጀመር። ማን ተረኛ እንደ ነበረ እንኳ ያስታወሰ የለም፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታውሰው የተሰደበውን ብቻ ነው።

ከዚያም ታች ቤቶች ሌላ ጽዋ አወጡ። ለቅዳሴ አምስት አገልጋይ ያስፈልጋል፤ ከዲያቆናቱ ሁለቱ የታች ቤቶች ልጆች ነበሩና አባቶቻቸው፥ «የትርንጎ ወገን ከቆመበት እንዳትቆሙ» ብለው ከለከሏቸው። ስለዚህ ቅዳሴው ተቋረጠ፤ ሰዉም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጥቶ፥ ላይ ቤቶች በምሥራቁ በር፥ ታች ቤቶች በምዕራቡ በር ተሳልመው፥ ጀርባ ለጀርባ ይመለሱ ጀመር። አንድ ግንብ በሁለት ወገን ይሳማሉ፥ እርስ በርሳቸው ግን አይተያዩም። እንዲህ ያለ ክርስትና የት አገር አለ?

በሦስተኛውም ዓመት በወርኃ ኅዳር የአገሩ ሊቀ ካህናት መልእክተኛ ላኩና፥ «እስከ አስተርእዮ ማርያም፥ እስከ ጥር ሃያ አንድ ድረስ፥ ሕዝቡ አንድ ሆኖ ካላስቀደሰ ታቦቱ ተነሥቶ ከሌላ ደብር ይገባል፥ ቤተ ክርስቲያኑም ይዘጋል» አሉ። ይህን በሰማች ጊዜ ትርንጎ አንጀቷ ተቃጠለ። እሷ የተጠመቀችው ከዚያ ነው፤ እናቷና በኩር ልጇም ያረፉት በዚያው አጸድ ሥር ነው። ላይ ቤቶችን በየደጃቸው ዞራ፥ «ኧረ እባካችሁ ታቦታችን ሊሄድ ነው፥ እንታረቅ» ብትል፥ ሁሉም፥ «እነሱ ይቅደሙ» አሉ። ስለ ጓንጉል ሲነሣባት ደግሞ እሷም ራሷ፥ «እሱማ ይቅደም!» ትል ነበር።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀንም ደረሰ። ጾመ ነቢያት ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀመስ ነገር የለም፤ እሷ ግን ሥራዋን ለማስቀደም ብላ ማለዳ ውዳሴዋን እንደ ጨረሰች ጽዋውን አጥባ ጠላ ቀዳችበት። ጽዋውም ሁለት ጣት ያህል ጎደለ። ጨመረችበት፤ አሁንም ሁለት ጣት ጎደለ። አነሣችና ታቹን ዳሰሰችው፥ ደረቅ ነው፤ ጎኑን አየችው፥ አልተሰነጠቀም። ማሰሮውን ገለበጠችበት፥ ከዚያም እንስራውን አምጥታ እስከ አተላው አንጠፈጠፈችበት፤ ጽዋው ከሁለት ጣት ጉድለቱ ፈቀቅ አላለም። ይህን ጊዜ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችና ወደ ሥዕሉ ዞራ፥ «አሁንስ በዛ! አንቺም እንደ መምሬ አምሳሉ ጎድሏል ልትዪኝ ነው? ሦስት ዓመት ደገምሁ፥ ሦስት ዓመት ቀዳሁ፥ ታቦትሽ ሊሄድ አንድ ወር ሲቀረው በጽዋ ትቀልጂብኛለሽ?» አለችና አለቀሰች። እንዲህ ያለውን ጸሎት እመቤታችን የማትሰማ እንዳይመስላችሁ፤ ከተለማመድነው ጸሎታችን ይልቅ ይህን ሳትሰማው አትቀርም።

ከዚያም ትርንጎ ድካም ያዛትና ራሷን ከግድግዳው አስደግፋ ሸለብ አደረጋት። ወዲያውም ቤቱ በብርሃን ተሞላና እመቤታችን በፊቷ ቆማ ታየቻት፤ የቁጣ ፊት አልነበራትም፥ ነገር ግን ብዙ እንደ ጠበቀች እናት ትመለከታት ነበር። «ወለተ ኪዳን ሆይ፥ ሕዝብሽን ሰብስቢ ስትዪኝ ሦስት ዓመት ሰማሁሽ፤ ማን እንደ ጎደለ ግን ጠይቀሽ ታውቂያለሽን?» አለቻትና ከዓይኗ ተሠወረች።

ትርንጎም ብድግ አለች። «ማን አለችኝ» አለች ለራሷ፤ «ማን! ምን አላለችኝም!» ጽዋውን እንደ ጎደለ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፥ ወገቧን አጥብቃ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሮጠችና የመምሬ አምሳሉን ጎጆ ደበደበች።

«አባቴ፥ ያን ቀን ማን ነበር የጎደለው?»

መምሬ አምሳሉ በሩን ከፍተው አዩዋት፤ ከዚያም ሦስት ዓመት የታፈነ ቁጣቸው ገነፈለ። «ተመስገን! አንድ ሰው ተገኘ! ስንዱ ናታ! ተረኛዋ ስንዱ! ጽዋውን ልትረከብ የምትመጣው እሷ ነበረች፥ ቦታዋ ባዶ ሆኖ አየሁና ሰው ጎድሏል፥ እስክትመጣ እንጠብቃት ልላችሁ አፌን ብከፍት ስለ ጠላ ተፋጃችሁ!»

እኚህ ስንዱ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፥ ልጅም ዘመድም የሌላቸው አሮጊት ባልቴት ነበሩ። ትርንጎም ይህን በሰማች ጊዜ፥ «ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉን?» አለቻቸው።

«ተቀይሜ!» አሉ መምሬ አምሳሉ፤ ቀጥሎም ድምፃቸው ዝቅ አለና፥ «እኔስ ብሆን አንድ ቀን ሄጄ አየኋት? ከታች ቤቶች ጋር ትጠጣለች ብዬ ተኛሁ። የነፍስ አባት ተብዬ!» ብለው መስቀላቸውን አንሥተው ተከተሏት።

ላይ ቤቶችም መምሬን ከጎጇቸው ወጥተው፥ ትርንጎንም ጽዋ ተሸክማ ባዩ ጊዜ ሥራቸውን ጥለው ከኋላ ከኋላ ይከተሏቸው ጀመር፤ እንዲህም ሆነው ከጓንጉል ደጅ ደረሱ። ትርንጎ በዚያ ደጅ ሦስት ዓመት አልፋ አታውቅም፤ ልቧም «እሱ ይቅደም» አላት። እሷ ግን፥ «እመቤቴ፥ ይኸው ለአንቺ ስል» አለችና ተጣራች።

ጓንጉልም ወጥቶ አያትና፥ «ምነው ትርንጎ፥ ጠላዬ አልጎደለም ልትዪኝ መጣሽ?» አላት።

«አያ ጓንጉል፥ ሰው ነው የጎደለው። እማማ ስንዱ!»

«እሳቸው ከእናንተ ጋር አይደሉም እንዴ?» አለ ጓንጉል።

«ከእናንተ ጋር አይደሉም እንዴ?» አለች ትርንጎ።

ይህን ጊዜ ላይ ቤቶችና ከየደጃቸው የወጡት ታች ቤቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጓንጉልም ኩታውን ከቤት አምጥቶ ደረበና ወደ ወንዙ መንገድ ጀመረ። ትርንጎም ልትከተለው ጽዋውን ብታነሣው ከበደባት፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ብታይ ጉድለቱ አንድ ጣት ብቻ ቀርቶታል። አንድም ሰው ጠብታ አልጨመረበትም ነበር።

ወንዙን ተሻግረው ከስንዱ ጎጆ በደረሱ ጊዜ ደጁ ተጠርጎ፥ ወለሉም ለምለም ሣር ተጎዝጉዞበት አገኙት፤ እማማ ስንዱም ከመደቡ ላይ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ለካ ያን ቀን ጽዋውን ሊረከቡ ሲመጡ ከወንዙ ድንጋይ ላይ አንሸራትቷቸው እግራቸው ተሰብሮ፥ እየዳሁ ተመልሰው ገብተው፥ አጥንቱም ጠምሞ ገጥሞ ኖሯል። ለተራቸው ብለው የጠመቁት ጠላ በጋን ነበርና ከዚያ እየቀዱ፥ ከጓሯቸው ጎመን እየቀጠፉ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ ጠላውም አልሆመጠጠም፥ አላለቀም። በትርንጎ ቤት ጽዋው አልሞላ ሲል፥ በስንዱ ቤት ጋኑ አልጎድል ብሎ ነበር።

እማማ ስንዱም ሕዝቡን ሁሉ በደጃቸው ባዩ ጊዜ ደስ አላቸውና ተቆጡ። «ኧረ እናንተ ሰዎች!» አሉ፤ «እኔስ እግሬ ተሰብሮ ነው፤ የእናንተን እግር ምን ነካው? በየሃያ አንዱ እየዳሁ ሣር ሳጭድ፥ እየዳሁ ስጎዘጉዝ ወገቤ ተቆረጠ! ተራዬን የት አድርሳችሁት ነው?»

ትርንጎም ጽዋውን በሁለት እጇ ከእጃቸው ላይ አኖረችው፤ በዚያችም ቅጽበት ጠላው ከፍ ከፍ ብሎ ጽዋውን እስከ አፉ ሞላና በከንፈሩ ተርፎ በእማማ ስንዱ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡም ሁሉ በግንባሩ ተደፋ። ትርንጎ የጠመመውን እግራቸውን ይዛ፥ «ይማሩኝ እማማ፥ ሦስት ዓመት የራሴን ስድብ ሳስታምም እርስዎን ረሳሁ» እያለች ስታለቅስ፥ እማማ ስንዱ፥ «ተነሺ ልጄ፥ ተነሺ፥ ጽዋውን ያዥልኝ፥ እየፈሰሰ ነው» አሏት።

ዘጠኝ ሰዓትም በሆነ ጊዜ መምሬ አምሳሉ ጸሎት አድርሰው፥ በመጀመሪያ የራሳቸውን በደል በሕዝቡ ፊት ተናግረው፥ ከዚያም «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው ጽዋውን አዞሩ። ጓንጉል ተቀብሎ ከጠጣ በኋላ ወደ ትርንጎ ጠጋ ብሎ፥ «ያን ጊዜ የተናገርሁት ቀልድ...» ብሎ ሲጀምር፥ እሷ፥ «ተወው አያ ጓንጉል፥ እኔም ሰበብ አድርጌው ኖሬአለሁ፤ ይልቅ ዳቦ ብላ» አለችው።

ከዚያም ዲያቆናቱ ተመለሱ። በአስተርእዮ ቀን የሊቀ ካህናቱ መልእክተኛ ታቦቱን ሊያስነሣ መጥቶ ከበር ጀምሮ መቆሚያ አጣ። እማማ ስንዱን ጓንጉልና ሦስት የላይ ቤት ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተው ከፊት አኖሯቸው። መምሬ አምሳሉም ቅዳሴው ሳይጀመር ከመቅደሱ በር ቆመው፥ እንደዚያን ቀን ወዲያ ወዲህ አዩ። ከዚያም «ዛሬ ሞልቷል» አሉ፤ እልልታው ከወንዙ ማዶ ተሰማ። ታቦቱም ከመንበሩ ሳይነሣ ቀረ፤ ሕዝቡም እግዚአብሔርን አመሰገነ፥ እመቤታችንንም አከበረ።

ትርንጎም ከዚያ ቀን ወዲህ ውዳሴዋን ስትጨርስ «ሕዝብሽን ሰብስቢ» ማለቷን አልተወችም፤ ነገር ግን እያንዳንዱን በክርስትና ስሙ ትጠራ ጀመር፥ አስቀድማም የምትጠራው ጓንጉልን ነበር። በየሃያ አንዱም ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ማኅበርተኛው ሁሉ፥ «ማን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የጎደለ ቢኖር አንዱ ተነሥቶ ሳይጠራው ጽዋው አይቀዳም።

እናንተስ ምእመናን? እስቲ ከጎናችሁ ያለውን ቦታ እዩት፤ ባዶ ከሆነ ወዲያኛው ወገን ወስዶታል ብላችሁ አትለፉት። ጽዋዋን በስንዱ እጅ የሞላች እመቤት የእናንተንም ጉድለት ትሙላ፤ የቀረውን ታምጣ፥ ያኮረፈውን ታስታርቅ፥ የወደቀውንም በደጁ ሳይረሳ ታንሣው፤ ይህን የሰማ ጆሮ ከመልካሙ ጥሪ አይጉደል፥ ለዘለዓለሙ አሜን።