የአሥራ አንድ ሺህ ሰው ምስጋና

አንድ ቀን ነው፤ ኅዳር 2015 ዓ.ም.። ጠዋት ውርጭ ነበር፣ ረፋድ ላይ ደመና መጣ። የደረሰ ገብስ ላለው ሰው የኅዳር ደመና ደስ አይልም። እኔ ደግሞ የደረሰ ገብስ ነበረኝ።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልናገር። ልጄ ይርገዱ ደብረ ብርሃን ነው የምትሠራው። አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝና ብሎግ የሚሉትን ገጽ ከፈተችልኝ። «አባዬ፣ ከሰው ጋር አታወራም፤ እዚህ ላይ እንኳ አውራ» አለችኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ መጻፍ አያቅተኝም። በየቀኑ የሆነውን ጻፍኩ። «ዛሬ ነፋስ። ባቄላው ጠቆረ።» «ዛሬ ምንም የለም።» እንዲህ ያለውን። ሰው ለምን እንደሚያነበው አላውቅም። «ዛሬ ምንም የለም» ያልኩበትን አራት ሺህ ሰው ወደደው። በሁለተኛው ዓመት አንባቢው አሥራ አንድ ሺህ ደረሰ።

ደመናው በመጣበት ቀን ብቻዬን አጭድ ነበር። በእኛ አገር አጨዳ በወንፈል ነው፤ አንተ ለእኔ አንድ ቀን ትሠራለህ፣ እኔም ላንተ አንድ ቀን እመልሳለሁ። የእኔ ተራ ገና ስምንት ቀን ይቀረው ነበርና ጎረቤቶቼ በሙሉ ማዶ የሰው ማሳ ላይ ነበሩ።

በዚህ መሀል መኳንንት የሚባል ሰው ከከተማ መጣ። የይርገዱ የሥራ ባልደረባ ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተምራል። ጫማው እንዳይቆሽሽ የማሳው ድንበር ላይ ቆመ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ አሥራ አንድ ሺህ ሞሉ እኮ!»

«ደመናውም ሞልቷል።»

«አንድ ቀን እንኳ አላመሰገኗቸውም! ዛሬ ካላመሰገኑ ጥለውዎት ይሄዳሉ።»

«የት ይሄዳሉ?»

«ሌላ ሰው ገጽ ላይ!»

«ይሂዱ። አጨዳ ላይ ነኝ።»

ድንበሩ ላይ ካስቀመጥኩት ኮት ኪስ ስልኬን አወጣ። «እርስዎ ይጨዱ፣ እኔ ልጻፍ። ‹ውድ ተከታታዮቼ፣ ያለ እናንተ እኔ ምንም ነኝ።›»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለ እነሱ አርሻለሁ። ውሸት አትጻፍ።»

«እሺ። ‹ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም።›»

«ቃል ከሌለኝ ምን ያስጽፈኛል?»

«እሺ በቃ፣ አንድ ቀይ ልብ እንለጥፍላቸው።»

«አሥራ አንድ ሺህ እንግዳ ጠርቼ አንድ ልብ ላቀርብ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

መኳንንት ላቡን ጠረገ፤ ሳጭድ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«እነሱ ራሳቸው ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«‹ጋሽ ጓንጉል፣ ሁሌም ከጎንዎ ነን› ይላሉ። ሦስት መቶ ሰው እንዲህ ብሏል።»

ቀና ብዬ ግራና ቀኜን አየሁ። ከመኳንንት በቀር ሰው የለም። ስልኩን ተቀበልኩትና ጻፍኩ። «ከጎንህ ነን ያላችሁ፣ ገብሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ነገ ማጭድ ይዛችሁ ኑ። ደመና አለ። ካልታጨደ ይበላሻል።»

መኳንንት ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ ጋሼ፣ ጨረሱት! ሰው እደግፍዎታለሁ ሲል አጭድልዎታለሁ ማለቱ አይደለም!»

«ታዲያ ምን እሠራለሁ ማለቱ ነው?»

 

በማግሥቱ ጠዋት ሃያ ስድስት ሰው በሁለት ሚኒባስ መጣ። መንገድ ያሳየቻቸው ይርገዱ ነበረች፤ አንገቷን ደፍታ ወረደች። ማጭድ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ አውርዶት ነው የመጣው። የቀሩት የሽንኩርት ቢላዋ ይዘዋል። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ማስመሪያ ይዞ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ትርሲት የምትባል ፀጉር ቤት ያላት ሴት መቀሷን አመጣች። ተንበርክካ ገብሱን በጣቷ እያበጠረች ትቆርጣለች።

«ጋሽዬ፣ ጎን ጎኑን ላሳጥረው ወይስ እኩል ይሁን?»

«ከሥሩ ይሁን።»

«ከሥሩ? አይቆጭዎትም?»

«አይቆጨኝም።»

ጎረቤቶቼ ይህን ከማዶ አዩ። ሥራቸውን ትተው ሊስቁ መጡ። ስቀው ሲያበቁ መቀሱን ማየት አቃታቸው መሰለኝ፣ ማጭዳቸውን ይዘው ገቡ። መኳንንት ድንበሩ ላይ ቆሞ በስልኩ ቀረጸ፤ «እዚህ ጋ ፈገግ በሉ!» እያለ። አሥር ሰዓት ላይ ገብሱ ታጭዶ ተከመረ፣ ክምሩም ተከደነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘነበ።

ሁላችንም ቤት ገባን። ሰዉ ረጥቧል፤ እጁ በገብስ ተቧጥጧል። መኳንንት መሀል ቆመ።

«ይኸው ጋሽ ጓንጉል! አሁንስ ምን ይላሉ? አንድ ‹አመሰግናለሁ› ብለው ይጻፉላቸው። አንድ ቃል! ለሰው አንድ ቃል ይሰስታሉ?»

 ይርገዱ ጠጋ ብላ «አባዬ፣ በእናትህ፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለችኝ።

ተነሣሁ።

«ያጨደልኝ ሰው ቀኑን ሰጥቶኛል፤ ቤቱ ሄጄ ቀኑን እመልስለታለሁ። ያነበበኝ ሰው አንብቦልኛል፤ የሚነበብ ይላክልኝ፣ አነብለታለሁ። አንተ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ድንበር ላይ ቆመህ ቃል ብቻ ሰጠኸኝ። ከአሥራ አንድ ሺህ ሰው ውስጥ በቃል ብቻ የሚመሰገን አንተ ነህ። አመሰግናለሁ።»

ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። መኳንንት ቀረጻውን አጠፋ።

ያልኩትን በገጹ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የላካችሁልኝን እያነበብኩ ነው፤ እስካሁን የሁለት ሰው ግጥም፣ የአንድ ሰው የቤት ኪራይ ውልና አንድ የማቀዝቀዣ መመሪያ ጨርሻለሁ። ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሄጄ ትርሲት ፀጉር ቤት ፎጣ ሳጥብ ዋልኩ። ማክሰኞ ሌላ ሰው ጋ ሄድኩ። ሃያ አራት ቀርተውኛል።