የፊታውራሪው አዳራሽና የወንዙ ሙላት

ፊታውራሪ ድንበሩ በበጋ ከወንዙ ዳር አዳራሽ ሊያሠሩ ተነሡ። ውሃው በክረምት የት ድረስ እንደሚሞላ ለክቶ የሚያውቅ አልነበረምና እዚያው ወንዙ ዳር ያረጀችውን አንዲት ባልቴት አስጠሩ።

«በይ ንገሪኝ፣ ሙላቱ እስከየት ይደርሳል? እዚህ ይደርሳል ካልሽ በቤቴ አሟርተሻልና ትገረፊያለሽ። አይደርስም ብለሽ ከደረሰም ትገረፊያለሽ!»

ባልቴቷ በልቧ «እመብርሃን፣ ጀርባዬን አደራ» አለችና ቀና ስትል፣ አዳራሹ ሊሠራበት ከታሰበው ቦታ ላይ ከቆመው ዋርካ ላይኛው ቅርንጫፍ የደረቀ ሣር ተንጠልጥሎ አየች።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ» አለች እጅ ነሥታ፤ «ብቻ ለጣራው ክዳን ሣር እጨዱ ብለው ባላገሩን አያድክሙት። ወንዙ አምና አምጥቶ እዚያ ላይ አስቀምጦልዎታል፤ የእርስዎ ፋንታ ግድግዳውን እዚያ ማድረስ ነው።»