የትርንጎ ፈንታ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ስልካችሁንም ወዲያ በሉት። ድሮ፣ መኪና ከሞተር ይልቅ በሰው ጉልበት በሚሄድበት ዘመን፣ ጥድ በር በምትባል ከተማ ትርንጎ የምትባል ሻይ ሻጭ ነበረች። ከተማዋ ያላት አንዲት መኪና ብቻ ነው፤ ሕዝቡ አዋጥቶ የገዛት፣ በሽተኛ ሆስፒታል የምታደርስ አሮጊት። ደስ ሲላት ትነሳለች፣ ሲከፋት ታኮርፋለች።

ትርንጎ ሻይዋን የምታፈላው መኪናዋ ከምትቆምበት አጠገብ ነው። መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ መካኒኮች ሲጨቃጨቁ ሰምታለች። ዓይኗን ከመኪናዋ የማትነቅለውም ወዳ አይደለም። አንድያ ልጇ ስንዱ ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ፣ “ይቺ ልጅ ቤት ከወለደች አትተርፍም” ብሏታል። ሆስፒታሉ ደግሞ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። እንግዲህ የስንዱ ነፍስ የተንጠለጠለችው በዚያች አኩራፊ ላይ ነበር።

የጥድ በር ሰው አንድ አመል ነበረው፤ መኪና እምቢ ስትል ሳይጠይቅ መግፋት! ሽማግሌው ይገፋል፣ ቄሱ ይገፋሉ፣ መንገደኛውም ይገፋል።

አንድ ቀን እምቢ አለች። ገፏት፣ እምቢ አለች። ደግመው ገፏት፣ እምቢ አለች። ትርንጎ መጣችና ሾፌሩን ሞላልኝን፣ “መብራቷን አብራልኝ” አለችው። ጭል ጭል አለ። ኮፈኗን አስከፈተች። የባትሪው ራስ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር አብቅሏል።

“ምነው ሞላልኝ፣ ፊቷን እንኳ አታጥባትም?” አለችና ከማንቆርቆሪያዋ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። ታጥቦ ወረደ። መኪናዋም ተነሳች። ሰዉ፣ “ሻይ አጠጣቻት!” ብሎ ሳቀ።

ሌላ ቀን ደግሞ እምቢ አለች። ገፏት፣ እምቢ አለች። ትርንጎ መጣች። መብራቱ ቦግ ብሎ በራ። “ዝም በሉና ስሟት” አለች። ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ “ቀጭ!” ብላ ዝም አለች።

“ባትሪዋ ደህና ነው። የተኛው ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ ነው” አለችና፣ ከሰል በምትሰብርበት ብረት ቀስ አድርጋ ኳ ኳ አደረገችው። ተነሳች። ያን ቀን የሳቀ ጥቂት ነው።

ከዚያ ጥድ በር መኪናዋን ወደዳት። ጥድ በር ደግሞ ሲወድ ልክ አያውቅም! ለመስቀል ባትሪዋን አውጥተው፣ ሽቦዋን ፈትተው፣ ከጣራዋ እስከ ኮፈኗ ሥር አረንጓዴ ቀለም ቀቧት። ሽቦውን መልሰው ባሰሩ ማግስት ስንዱን ምጥ ያዛት።

ሞላልኝ ቁልፉን አዞረ። ዝም። “ግፋ!” ብሎ ሰዉ ተነሳ። መንገዱ ዳገት ነው፣ ዝናቡም አጨቅይቶታል። ስንዱ ከኋላ ወንበር ሆና “እናቴ! እናቴ!” ትላለች። ትርንጎ ፈራች። እናት ናትና በጣም ፈራች። እሷ ራሷ ለመግፋት ትከሻዋን አስጠግታ ነበር። ወዲያው ግን ቀና አለች።

“ዝም በሉ! ልጄን ግፊት አያወጣትም!”

መብራት የለም። ድምፅ የለም። የባትሪው ራስ ንጹሕ ነው። “እንግዲያው ሽቦውን ልከተል” አለች። ቀዩን በጣቷ ተከተለች፤ ጠብቋል። ጥቁሩን ተከተለች፤ ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን ከታሰረበት ደረሰች። ሥሩ አረንጓዴ ነው። ማማሩ!

“አይ እናንተ! ቀለም ላይ አሰራችሁት? ብረት ብረትን ካልነካ ኤሌክትሪኩ በየት ይለፍ?”

ብሎኑን አስፈታች። በቢላዋ ፋቀች፣ ፋቀች፣ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቀች። ሽቦውን መልሳ አሳሰረች።

“በል ልጄ” አለችው።

አዞረ። ተነሳች! ሴቱ እልል አለ፣ ወንዱ አለቀሰ። ስንዱ ሆስፒታል ደርሳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም በሰላም ተመለሱ።

ትርንጎ ካረፈች ቆየች። ግን ዛሬም ጥድ በር መኪና ሲቀባ ኮፈኑ ሥር የሳንቲም ያህል ብረት ሳይቀባ ይተዋል። “የትርንጎ ፈንታ” ይሉታል። ሰው ሲጣደፍ ካዩም፣ “ከመግፋትህ በፊት አዳምጥ” ይሉታል።

ለዚያች ሕፃንም ስሟን ያወጣችላት ትርንጎ ናት። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ማታ “እማማ ፈንታዬ” እያላችሁ የምትጠሩኝ እኮ በእሱ ነው።