የብርጭቆዋ ልጅ ትንፋሽ

ልጅ እስከ መቼ ነው በር ተዘግቶበት የሚጠበቀው? ሰርካለም ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለችም። ልጇ ያፌት ክረምት ላይ በሳንባ ምች ታሞ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ ደጅ አታስወጣውም። ጎረቤቷ እታገኝ «እንቁላል አደረግሽው እኮ! ይጫወት እንጂ» ስትላት ታኮርፋለች።

አንድ ቀን ልጁን ለእታገኝ ትታ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ ጠበቅኩት እንጂ ምን በደልኩት?» አለቻቸው።

እሳቸውም ተረት ጀመሩላት።

«አንድ ሰው ነበረ። ብርጭቆ አቅልጦ፣ በረጅም የብረት ቱቦ እየነፋ ቅርጽ የሚያወጣ ሰው። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ስትሮጥ ይፈራል፤ ስታስነጥስ ይፈራል። ብርጭቆ ከተደፈነ የነፊው ትንፋሽ እዚያው እንደሚቀር ያውቃል። ‹ትንፋሿን ከደበቅኩት ሞት ከየት ያገኘዋል?› አለና ቱቦውን ለልጅቱ ሰጣት። ‹ንፊ የኔ እናት› አላት። ነፋች። እሱም በብርጭቆው ላይ መልኳን አወጣበት፤ ቀዳዳውንም ደፈነው።

ከተማው ጉድ አለ። ሥራው ሙዚየም ገባ፤ ሰው ተሰልፎ ያየው ጀመር። ልጅቱ ግን ቤት ውስጥ ጭጭ አለች። አልታመመችም። ግን አትሮጥም፣ አትስቅም፤ ሻማ እፍ ብትል እሳቱ አይነቃነቅም። አባትየው ‹እሰይ፣ ጨዋ ሆነችልኝ› አለ።

አንድ ቀን ሥራውን ሊያይ ሄደ። የብርጭቆዋ ልጅ አፍ ላይ ጉም አለ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። በእጅጌው ጠረገው። አልለቀቀም። ከውስጥ ነበር።

እጁን ዘረጋ። ዘበኛው ‹ጋሼ፣ አይነካም!› አለው።

‹የሠራሁት እኔ ነኝ።›

‹ቢሆንስ! ለሠራውም ክልክል ነው።›

ሰውየው አቅፎ አነሳትና ለቀቃት። ከስብርባሪው መሀል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ዘበኛው አማተበ። ሰውየው እየሮጠ ቤቱ ሲደርስ ልጁ ደጅ ወድቃለች፤ ጉልበቷ ደምቶ ሰፈሩን በጩኸት ታናውጠዋለች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በደስታ ይሁን በፍርሃት አይታወቅም።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩአት። «ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ልጅሽን ከሞት አስቀረሽው፤ ከኑሮም አብረሽ አስቀረሽው። ጠባቂው ሌላ ነው፤ አንቺ ልቀቂው።»

ሰርካለም መስቀል ተሳልማ ተመለሰች። ያፌት ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲያሳድዱ ያያል። ትንፋሹ መስታወቱን ጉም አልብሶታል። ሳታስበው ከደጅ በኩል በነጠላዋ ጠረገችው።

አልለቀቀም።

አሁን እጇ በሩ ላይ ነው። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ልጁንም ሳሉ ገና አልተወውም። እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ትክፈትለት? እባካችሁ ምከሯት።