ደጅ የጠናች ደብዳቤ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ አትቸኩሉ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለችው አንዲት ደብዳቤ ናት፤ እሷም ወረቀት የላትም፤ በኢሜይል ነው የምትሄደው። በአንዲት ነፋሻ ከተማ ትርሲት የምትባል የጋሪ ነጂ ልጅ ነበረች። የአባቷ ፈረስ ሐኪም አጥቶ፣ ሆዱን እያመመው፣ ዓይኗ እያየ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪም ከመሆን ሌላ ምኞት አልነበራትም። ኮሌጁ ነጥቧን አይቶ ወዷታል። የቀራት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ርእሰ መምህሯ «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ» ብላ እንድትመሰክርላትና ምስክርነቱ ከትምህርት ቤቱ ከራሱ ኢሜይል እስከ ዓርብ ማታ እንዲደርስ። ምኞቷ ትንሽ ናት፤ አንዲት ደብዳቤ በአንድ በር ትግባልኝ ነው የምትለው።

ርእሰ መምህሯ አስካለ ትባላለች። ከተማው ሁሉ አንቱ ይላታል፤ እኔ ግን ስለምወዳት አንቺ ነው የምላት፤ በተረትም አንቱታ ያደክማል። አስካለ ደብዳቤዋን ከልቧ ጻፈች፤ ላከችም። ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ደብዳቤዋ ተመልሳ መጣች። የኮሌጁ ሳጥን ደብዳቤ አልቀበል አለ፤ ትርሲትም ደጅ ቀረች።

ልጅቷ በትምህርት ቤቱ በር ጠበቀቻት። «እትዬ፣ ደረሰች?»

«መንገድ ላይ ናት፣ የኔ ልጅ» አለቻት አስካለ። አልደረሰችም ብሎ ልጅ ማስደንገጡ ይሉኝታ ሆነባት።

ከዚያ ቢሮዋን ዘግታ ወደ ኮሌጁ ደወለች። የኮሌጁን የኢሜይል በር የሚጠብቅ ደርቤ የሚባል ባለሙያ አለ።

«እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ» አለ ደርቤ። «በትምህርት ቤታችሁ ስም ስንት ጉድ እንደሚመጣብን ቢያዩ! ሎተሪ ደረሰህ የሚል አለ። እዚህ ላይ ተጫን የሚል አለ። ክኒን የሚሸጥ ደግሞ አለላችሁ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ልኬ አላውቅም!»

«አምንዎታለሁ። ግን ፖስታ ላይ ማንም የፈለገውን ስም ይጽፋል፤ ኢሜይልም እንደዚያው ነው። ለእርስዎ ብዬ ከከፈትኩ፣ ስምዎን ለብሶ ለሚመጣው አጭበርባሪም ከፈትኩ ማለት ነው። ደብዳቤዋ ሌላ ሰው ሊያስመስለው የማይችል ማኅተም ይዛ ትምጣ፤ ያን ጊዜ እከፍታለሁ።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥር የሌለው ቤት ግን ባለቤቱን መናቅም አያስፈልግም፤ ሳያውቁትም ይገቡበታል። የአስካለ ትምህርት ቤት ስሙን በኢንተርኔት ላይ ያለ አጥር ትቶት ኖሯል። እንግዲህ በረኛው ሳጥን አልከፍት አለ፤ ሳጥኑ ደብዳቤ አልቀበል አለ፤ ትርሲትም ደጅ ቀረች።

አስካለ የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ወደሚያመላልሰው ድርጅት ደወለች። ስልኩን ሐመረ የምትባል ልጅ አነሳች፤ ድምጿ ጨዋ፣ መልሷ ደረቅ።

«ማኅተም መቅረጹ ቀላል ነው፣ እትዬ። ግን በረኛው ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን ከምን ጋር ያመሳክረዋል? የማመሳከሪያው ቁልፍ በራሳችሁ ስም ሰሌዳ ላይ መሰቀል አለበት።»

«የምን ሰሌዳ ነው ደግሞ?»

«ዶሜይን የምንለው የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ስም አለ አይደል? እያንዳንዱ ስም የዓለም በረኛ ሁሉ መጥቶ የሚያነበው ሰሌዳ አለው። የእናንተን አየሁት፤ ስለ ኢሜይል አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ሰሌዳው ሳይዘጋጅ ማኅተም ባትም ከጌጥ አያልፍም። ሰሌዳውን የያዘውን ሰው ያምጡልኝ።»

ስለዚህ ሐመረ ማኅተም አልቀርጽ አለች፤ በረኛው ሳጥን አልከፍት አለ፤ ሳጥኑ ደብዳቤ አልቀበል አለ፤ ትርሲትም ደጅ ቀረች። በማግስቱም ጠዋት «እትዬ፣ ደረሰች?» ስትል «ልትደርስ ነው» ተባለች።

ሰሌዳውን የያዘው ታረቀኝ ነው። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ ድረ ገጹን ያኔ በነጻ የሠራላቸው እሱ ነበር፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። አስካለ ሱቁ ድረስ ሄደች። ታረቀኝ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ነገሩን ሰምቶ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«የማኅተሙን ቁልፍ ስሰቅል አብሬ ዝርዝር መስቀል አለብኝ፣ እትዬ። በዚህ ስም ኢሜይል የሚልኩት እነ እገሌ ብቻ ናቸው፣ ሌላው ከእኛ አልተላከም ብዬ መጻፍ አለብኝ።»

«ጻፍ ታዲያ! ከልክዬህ ነው?»

«አንዱን ብረሳ የራሳችንን ሰው በየበሩ አስመልሰዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእርስዎን ቢሮ አውቃለሁ፤ በእነ ሐመረ በኩል ነው የሚልከው። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መጽሔትስ? ሻምበል ይርዳው በሌላ ድርጅት በኩል በትምህርት ቤቱ ስም ያስልካል። በየትኛው እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ይንገረኝ፤ ያለዚያ ሰሌዳውን አልነካም።»

አስካለ የሻምበልን ስም ስትሰማ ፊቷ ወረደ። ታረቀኝ አላየም፤ ወይ እንዳላየ ሆነ። ብቻ ታረቀኝ ሰሌዳ አልነካ አለ፤ ሐመረ ማኅተም አልቀርጽ አለች፤ በረኛው ሳጥን አልከፍት አለ፤ ሳጥኑ ደብዳቤ አልቀበል አለ፤ ትርሲትም ደጅ ቀረች።

ሻምበል ይርዳው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ሚስቱ ሞታ ብቻውን ይኖራል። ከአስካለ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ዕድሜ ልኩን «አንቺ አስካለ» ሲላት ኖሯል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አኩርፏታል፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ አልጠየቀችምም። ይኸው አሁን በሩን ከፈተና ዓይኑን ጫማዋ ላይ ጥሎ፣

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ አስካለ?» አላት።

እኔ ብሆን ከስድብ ይልቅ ይህ አንቱታ ነበር የሚያመኝ። እሷንም አመማት። የመጣችበትን ነገረችው።

«የምሰጥዎ ዝርዝር የለኝም» አለ ሻምበል። «ለእርስዎም የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። ኢሜይል መላክ እንደሆነ በደንብ ያውቁበታል።»

ምን ማለትህ ነው ልትለው ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ይሉኝታ ያዛት። «በል ደህና ዋል» ብላ ወጣች። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ አሉ፤ የስንቱ ቤት በዚህ ወርቅ እንደከሰረ ግን አያወሩም። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ይሉኝታ አፍ አላስከፍት አለ፤ ሻምበል ዝርዝር አልሰጥ አለ፤ ታረቀኝ ሰሌዳ አልነካ አለ፤ ሐመረ ማኅተም አልቀርጽ አለች፤ በረኛው ሳጥን አልከፍት አለ፤ ሳጥኑ ደብዳቤ አልቀበል አለ፤ ትርሲትም ደጅ ቀረች።

ዓርብ ሆነ። ትርሲት ከአባቷ ጋር በጋሪ መጣች፤ ጋሪውም ፈረሱም የሰው ነው። ወርዳ ሮጠች።

«እትዬ፣ ደረሰች?»

አስካለ «መንገድ ላይ ናት» ልትል አፏን ከፈተች። የልጅቷን ፊት አየችና አልቻለችም።

«አልደረሰችም፣ ትርሲት። ከመጀመሪያውም አልደረሰችም። እንዳትደነግጪ ብዬ ዋሽቼሻለሁ።»

ትርሲት አላለቀሰችም። «እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ አብሬዎት እሮጥ ነበር እኮ» አለች። «አሁን የት እንሂድ?»

አንዷ እውነት ከወጣች ሌላዋን ለማውጣት ያን ያህል አይከብድም። አስካለ ጋሪው ላይ ወጣችና፣ «ወደ ሻምበል ቤት» አለች። ደርሰው በሩ ሲከፈት ሰላምታም አላስቀደመች።

«ይርዳው፣ ምን በደልኩህ?»

ሻምበል ትርሲትን አየ። «ልጅ ባለበት የሚነገር አይደለም።»

ትርሲት ወደ ፈረሱ ሄደች። ሻምበል ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«ክኒን ብለሽ ጻፍሽልኝ! ለሸመገሉ ወንዶች ጉልበት የሚመልስ፣ አልጋ የሚያሞቅ… ይኸው፣ ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል፣ ከታች ስምሽ አለበት! በማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ላይ ‹አግባ እንጂ ይርዳው› ብለሽ በሰው ፊት ስታሾፊብኝ ስቄ አለፍኩ። ደግሞ ክኒን? ሚስቴ ከሞተች ስንት ጊዜዋ ነው?»

አስካለ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ ሳቀች፤ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ሳቋም ሳታስበው ለቅሶ ሆነ።

«እኔ አልላክሁትም። በስሜ መጣ እንጂ ከእኔ አልመጣም። አጭበርባሪዎች ናቸው፣ ይርዳው። ልጅቷን ደጅ ያስቀራትም ይኸው ነው። ምነው ያኔ ብትነግረኝ?»

«ምን ብዬ?» አለ ሻምበል። ቀጥሎ የተናገረውን ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ለእኔ ብቻ እንዳይመስልሽ። ለማኅበሩ አባል ሁሉ ደርሶታል። ክብርሽን እንጠብቅ ብለን ሁላችንም ዝም አልን።»

አስካለ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለካ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ በየሄደችበት ሲያጎነብሱላት የነበሩት ሰዎች ያንን ክኒን እያሰቡ ነበር! ሌባው ስሟን ወስዶ በየሰው ቤት ሲያዋርደው፣ የሚወዷት ሁሉ ለክብሯ ብለው ከእሷው ደበቁላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሌላውን በሽታ ከበሽተኛው ስለሚደብቅስ ምን ይባል ይሆን? እኔ ተረቱን አላገኘሁለትም።

«አንቺ አስካለ» አለ ሻምበል፤ አንቺ አላት! «አፈር በበላሁ። ተነሽ፤ የምልክበትን ድርጅት ስም ያዥ።»

ከዚያማ ምን ያቆመዋል? ይሉኝታ አፍ ለቀቀ፤ ሻምበል ዝርዝር ሰጠ። ፈረሱ ጋሪውን እያንጓጓ መናኸሪያ አደረሳቸው። ሐመረ ከስልኩ ማዶ ማኅተሟን ቀረጸች፤ ቁልፉንም ላከች፤ ታረቀኝ ቁልፉንና ዝርዝሩን ሰሌዳው ላይ ሰቀለ። ከዚያ እጁን ከኮምፒውተሩ አንስቶ ወደ አስካለ ዞረ።

«አንድ ነገር ቀረ፤ እሱን እኔ አልወስንም። ከዝርዝሩ ውጭ ሆኖ፣ ማኅተም ሳይዝ፣ በስማችን የሚመጣ ሲኖር የዓለም በረኞች ምን ያድርጉት? ይህን የሚያዙት የስሙ ባለቤት እርስዎ ነዎት።»

ሐመረ ሰሌዳው ባዶ ነው ያለቻት ያን ጊዜ ለአስካለ ትዝ አላት። እመኑኝ እያለች በር ለበር የዞረች ሴት፣ በራሷ ቤት ሰሌዳ ላይ ማን በስሟ እንደሚናገር አንድም ቀን አልጻፈችም። አስካለ ሻምበልን አየችው፤ ትርሲትንም አየቻት።

«አያስገቡት» አለች። «እኔን አፍረው ዝም እንዳይሉም። ማን በስሜ እንደመጣ ለእኔው ይንገሩኝ።»

ታረቀኝ ያለችውን ጻፈ። ሰሌዳው በየአገሩ እስኪነበብ ጥቂት ጠበቁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አስካለ ደብዳቤዋን እንደገና ላከች። ደብዳቤዋ ማኅተሟን ይዛ ሄደች፤ በረኛው ሰሌዳውን አነበበ፤ ማኅተሙን ከቁልፉ አመሳከረ፤ ሳጥኑን ከፈተ፤ ሳጥኑ ደብዳቤ ተቀበለ። ስልኩ ጮኸ።

«ገብታለች፣ እትዬ» አለ ደርቤ። «ከእንግዲህ መጨነቅ አያስፈልግም።»

«እትዬ፣ ደረሰች?» አለች ትርሲት። በሱቁ በር ላይ ቆማ የፈረሱን ግንባር እያሻሸች ነበር።

«ደረሰች» አለች አስካለ፤ ይህን ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ትርሲትም ፊቷን የፈረሱ አንገት ውስጥ ቀብራ አሁን ገና አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት አስካለ ኢሜይሏን ከፈተች። ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸው የሩቅ አገር በረኞች ጽፈውላት ነበር፤ ትናንት ማታ አንድ ሰው በስምሽ መጣ፤ በዝርዝሩ የለም፤ ማኅተም አልያዘም፤ መለስነው። ደጋግማ አነበበችው። እነዚህ ሰዎች አያውቋትም፤ አብረዋት ፊደል አልቆጠሩም፤ ሠርጓ ላይ አልበሉም። ግን ነገሯት። ስልኳን አንስታ ለሻምበል አነበበችለት፤ እሱም፣ «ከእንግዲህ እኔም እነግርሻለሁ» አላት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅር። ብቻ አንድ ቀን በእኔ ስም የማልናገረው ተረት ሲነገር ብትሰሙ፣ ለክብሬ ብላችሁ ዝም አትበሉ። መጥታችሁ ንገሩኝ።